በረዶው ሳይቀልጥ፣ አሸዋው ሳይረጥብ
የቀዝቃዛ አገር ከተማ የፀደይ ችግር ከሁርሶ ሲታይ



ፀደይ የሚለው ቃል በብዙ ሰው ዘንድ ክረምት ወጥቶ አደይ አበባ የሚፈነዳበትን ወራት የሚያመለክት ሆኖ ይነገራል። በአበው አቆጣጠር ግን ከመስከረም 26 ጀምሮ ያለው ወቅት መፀው ነው፤ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ ይባላል፤ ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ክረምት ይገባል። ይህን ሥርዓት ማስታወስ ያስፈለገው፣ በዚህ አቆጣጠር መሠረት የኢትዮጵያ ፀደይና የሰሜኑ ቀዝቃዛ አገር ፀደይ በአንድ ሰሞን የሚገናኙ ስለ ሆነ ነው። የበልግ ዝናብ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተራሮች ላይ በሚጥልበት ወራት፣ በካናዳ፣ በሩሲያና በፊንላንድ ከተሞች ወራት ሙሉ የተቆለለው በረዶ ይቀልጣል። በሁለቱም ወገን ያለው መሐንዲስ በዚያ ሰሞን ዐይኑን ከውሃ ላይ አያነሣም።

ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ ወደ ኤረር በሚወስደው አሮጌ የምድር ባቡር መስመር ላይ የምትገኘው ሁርሶ፣ በወታደር ማሠልጠኛዋ የታወቀች የቆላ ሥፍራ ናት። ከሁርሶ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው የሐረርጌን ተራራ እንደ ግድግዳ ተገትሮ ያየዋል። ከተራራው የሚወርዱት የወንዝ መንገዶች ግን አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ናቸው። ስለ በረዶ ለመናገር የማይመች ሥፍራ ይመስላል። ሆኖም የዚህ ንግግር ዓላማ የቀዝቃዛውን ከተማ የፀደይ ችግር ከዚህ ከሩቅ ሥፍራ ተመልክቶ፣ ለድሬዳዋና ለአካባቢዋ የሚበጅ አንድ ቁም ነገር ማውጣት ነው። ይኸውም የፀደይ ጉዳት መጠን የሚወሰነው ፀደይ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት በተሠራውና ሳይሠራ በቀረው ሥራ ነው የሚለው ነው።

1. የተከማቸ ውሃ

በኢትዮጵያ በረዶ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ከነጎድጓድ ጋር ወርዶ ቡቃያ የሚመታው ጠጠር ነው። እንደ ዱቄት ረግፎ መሬት ላይ የሚጋገረውን አመዳይ የሚያውቁት በሰሜን ተራሮች ከፍታ የሚኖሩ ጥቂቶች ናቸው። ውርጭን ግን የደጋ ገበሬ ሁሉ ያውቀዋል። በቀዝቃዛው ከተማ እነዚህ ሁሉ በአንድነት ይገኛሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ደግሞ አመዳዩ ከወረደ በኋላ አለመሄዱ ነው። በኅዳር የወረደው እስከ መጋቢትና ሚያዝያ ድረስ በጣራው፣ በመንገዱና በሜዳው ላይ ይቆያል።

አዲስ የወረደ አመዳይ ሲቀልጥ፣ እንደ ሁኔታው ቢለያይም፣ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ውሃ ይወጣዋል። ሰንብቶ የተረገጠውና የተጋገረው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ውሃ ይይዛል። እንግዲህ 100 ሚሊ ሜትር ውሃ የያዘ አመዳይ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ ቢተኛ፣ 100,000 ሜትር ኩብ ውሃ መሬት ላይ ተቀምጦ ፀሐይን ይጠብቃል ማለት ነው። ይህን ክምችት መለካት ይቻላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ የኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ የላቲን ቋንቋና የጥንታዊ ሥነ ጽሑፍ መምህር የነበሩት ጄምስ ቸርች፣ ባዶ ቱቦ ወደ አመዳዩ ሰድዶ፣ በቱቦው ውስጥ የገባውን በመመዘን የውሃውን መጠን የማወቅን ዘዴ አዘጋጁ። ከዚያ ወዲህ በተራራ ላይ ያለውን በረዶ መዝኖ የፀደይን ወንዝ አስቀድሞ መገመት የተለመደ ሥራ ሆኗል።

ሌላም የተፈጥሮ ሕግ ቀዝቃዛውን ከተማ ይረዳዋል። አንድ ግራም በረዶ ለማቅለጥ 80 ካሎሪ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ይህም ያንኑ ውሃ ከዜሮ እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ጋር የተስተካከለ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ወጣ ብሎ በረዶው በአንድ ቀን አይጠፋም። ቀን ቀልጦ ሌሊት ይረጋል፤ ውሃው በብዙ ቀናት ተከፋፍሎ ይወርዳል። ቀዝቃዛው ከተማ ለመዘጋጀት የሚያገኛቸውን ቀናትና ሳምንታት የሰጠው ይህ የሙቀት ሒሳብ ነው።

2. የመንገዱና የጣራው ችግር

ጊዜ ማግኘት ማለት ግን ከችግር መዳን ማለት አይደለም። ውሃ ሲረጋ መጠኑ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይጨምራል። በአስፋልት ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውሃ ሌሊት ሲረጋ ስንጥቁን ያሰፋዋል፤ ቀን ሲቀልጥ ባዶ ሥፍራ ይተዋል፤ የከባድ መኪና ጎማ ሲያልፍበት ደግሞ አስፋልቱ ወደ ታች ይሰምጣል። በዚህ ሁኔታ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ደኅና የነበረው ጎዳና በጉድጓድ ይሞላል።

ከዚህ የከፋው በመሬቱ ውስጥ የሚሆነው ነው። ደቃቅ አፈር ከሥር ያለውን እርጥበት ወደ ላይ ስቦ፣ በሚረጋው ንብርብር ውስጥ የበረዶ ሽፋን ይሠራል። መሬቱም ያብጣል፤ መንገዱን፣ የእግረኛ መሄጃውንና ጥልቀት የሌለውን መሠረት ያነሣዋል። በፀደይ ጊዜ መቅለጥ የሚጀምረው ከላይ በመሆኑ፣ የቀለጠው ውሃ ከሥሩ ገና ያልቀለጠ መሬት ስላለ መውረጃ ያጣል። ያን ጊዜ የመንገዱ መሠረት ጭቃ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ በካናዳ፣ በአሜሪካ ሰሜናዊ ግዛቶችና በሰሜን አውሮፓ አገሮች በፀደይ ሳምንታት በብዙ መንገዶች ላይ የጭነት መኪና ክብደት በደንብ ይቀነሳል። ሩሲያውያንም መንገድ በጭቃ የሚዘጋበትን ወቅት ለይተው የሚጠሩበት ቃል አላቸው።

በአዲስ አበባ በዋልካ አፈር ላይ የሠራ መሐንዲስ ይህን ነገር እንግዳ አድርጎ አይመለከተውም። በቀዝቃዛው ከተማ ውርጭ የሚያደርገውን፣ እዚህ ጥቁሩ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ በማበጥ፣ በበጋ ደርቆ በመሰንጠቅ ያደርገዋል። መድኃኒቱም በሁለቱም ዘንድ ተመሳሳይ ነው፤ ውሃውን ማራቅ፣ መጥፎውን አፈር መለወጥና መሠረቱን እንቅስቃሴ ከማይደርስበት ጥልቀት ማውረድ።

ከከተማው ጣራዎች የሚወርደውም አደጋ ቀላል አይደለም። ዛሬ ሴንት ፒተርስበርግ በምትባለው በሌኒንግራድና በሌሎችም የሶቪየት ኅብረት ከተሞች የተማሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። እነርሱ እንደሚያውቁት፣ በፀደይ መግቢያ ከጣራ ጠርዝ እንደ ጦር የተንጠለጠለ ግግር በረዶ ድንገት ወድቆ ሰው ይጎዳል፤ ይገድላልም። ስለዚህ ሠራተኞች በገመድ ታስረው ጣራ ላይ ይወጣሉ፤ ከሥር ያለው የእግረኛ መንገድም ተከልሎ በረዶው እየተሰበረ ይወርዳል። ይህን ሥራ ልዩ የሚያደርገው የጥበቡ ርቀት ሳይሆን በየዓመቱ በቀኑ መሠራቱ ነው። ማን ጣራ ላይ እንደሚወጣና የትኛው መንገድ እንደሚከለል በረዶው ከመቅለጡ በፊት ይታወቃል።

3. ወደ ሰሜን የሚፈሰው ወንዝ

የቀዝቃዛው ከተማ ትልቁ የፀደይ ፈተና የወንዝ ሙላት ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የምትሆነው በካናዳ የማኒቶባ ግዛት ዋና ከተማ ዊኒፔግ ናት። በከተማይቱ መካከል የሚያልፈው ቀዩ ወንዝ ከአሜሪካ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ይፈሳል። ከዚህም የተነሣ በደቡብ ያለው የወንዙ ላይኛ ክፍል ቀድሞ ሲቀልጥ፣ በሰሜን ያለው ታችኛ ክፍል ገና እንደ ረጋ ይቆያል። የቀለጠው ውሃ ያልቀለጠ በረዶ ላይ ይደርሳል። የተሰባበረው በረዶም ተጠራቅሞ ወንዙን እንደ ግድብ ይዘጋዋል። ሸለቆው ደግሞ የጥንት ሐይቅ ወለል በመሆኑ እጅግ ሜዳ ነው፤ የወንዙ ዘቅዛቃነት በአንድ ኪሎ ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዳርቻው የወጣ ውሃ መሄጃ አጥቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ይተኛል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለው የአበው ተረት ለዚህ ወንዝ የተነገረ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1950 ፀደይ ቀዩ ወንዝ ዊኒፔግን አጥለቀለቃት፤ 100,000 ያህል ሰዎችም ቤታቸውን ትተው ወጡ። ከዚያ በኋላ በግዛቱ መሪ በደፍ ሮብሊን አሳሳቢነት፣ ሙላቱን ከከተማይቱ በስተ ምሥራቅ አዙሮ ከበታቿ ወደ ወንዙ የሚመልስ 47 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቦይ እንዲቆፈር ተወሰነ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1962 ተጀምሮ በ1968 ተፈጸመ፤ 63 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ያህል ወጣበት። በዘመኑ ብዙ ሰው ወጪውን ከንቱ አድርጎ ቈጥሮት፣ ቦዩን የደፍ ቦይ እያለ ይዘባበትበት ነበር። ደረቅ ሆኖ ለሚከርም ጉድጓድ ይህን ያህል ገንዘብ ማፍሰስ ለምን ያስፈልጋል የሚል ክርክር ነበረ።

መልሱ እ.ኤ.አ. በ1997 ፀደይ መጣ። በዚያ ዓመት ቀዩ ወንዝ ከ1950ው በበለጠ ኃይል ተነሣ። ቦዩ ሙላቱን ተቀብሎ ስላሳለፈው ዊኒፔግ በአብዛኛው ተረፈች። ውሃው በምዕራብ በኩል ዙሮ እንዳይገባም በጥቂት ቀናት ውስጥ ረጅም የአፈር ግድብ ተሠራ። መዘባበቻው ስም የክብር ስም ሆነ። ይሁን እንጂ ባለሙያዎቹ በዚህ አልረኩም፤ ውሃው የቦዩ አቅም ዳርቻ ላይ ደርሶ ስለ ነበረ፣ በኋላ በሴኮንድ 1,700 ሜትር ኩብ ያህል የነበረውን አቅም ወደ 4,000 አሳደጉት።

የዚያው ወንዝ የላይኛው ከተማ ታሪክ ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ የሰሜን ዳኮታ ከተማ በግራንድ ፎርክስ የበረዶው ክምችት ተለክቶ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውም ከብዙ ሳምንታት በፊት ተነግሯል። የተነገረው የውሃ ከፍታ 49 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ያህል ነበር። ሕዝቡም በዚህ ቁጥር ላይ ጥቂት ጨምሮ ግድቡን በአሸዋ ከረጢት አሳደገ። ውሃው ግን ከ54 ጫማ በላይ፣ ማለትም 16 ሜትር ተኩል ያህል ደረሰ። ከተማይቱ ተጥለቀለቀች፤ 50,000 ያህል ነዋሪዎቿ ወጡ፤ በውሃ መካከል በተነሣ እሳትም በመሐል ከተማው 11 ሕንፃዎች ተቃጠሉ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግምት አይጠቅምም የሚል አይደለም። ግምት አንድ ቁጥር ብቻ ሆኖ ከተነገረ፣ ሰሚው እንደ ተረጋገጠ ነገር ይወስደዋል፤ ስሕተቱ የሚደርስበት ዳርቻም አብሮ መነገር አለበት። ከዚያ በኋላ በወንዙ ዳር ከነበሩት መንደሮች ብዙ ቤቶች ተነሥተው፣ ቦታው ሰፊ መናፈሻ እንዲሆንና ለውሃው እንዲለቀቅ ተደረገ።

4. በተራራው ግርጌ ያለች ከተማ

አሁን ወደ ሁርሶ አሸዋ እንመለስ። የምድር ባቡሩ መስመር ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ የሚጓዘው በተራራው ግርጌ ነው። ስለዚህ ከደቡብ የሚወርዱትን የጎርፍ መንገዶች አንድ በአንድ እያቋረጠ ማለፍ ግድ ሆኖበታል። ድሬዳዋም ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ሐዲዱ ወደ ሐረር መውጣት ከባድ ወጪ ስለ ሆነበት እ.ኤ.አ. በ1902 በተራራው ሥር ቆመ፤ በቆመበትም ከተማ ተቆረቆረ። አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ባቡሩን ዳገቱ አስቆመው፤ ከተማይቱም ዳገቱ ውሃውን በሚያፈስበት ሥፍራ ተተከለች። ጥቅሟና ችግሯ ከአንድ ምክንያት የመነጩ ናቸው።

ደቻቱ ከዚራንና መጋላን ለይቶ በከተማይቱ መካከል ያልፋል። አብዛኛውን ዓመት ሰውና እንስሳ የሚመላለስበት፣ አሸዋ የሚጫንበት ደረቅ መንገድ ነው። ከተማይቱ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በስተ ደቡብ በደንገጎ በኩል ያለው ተራራ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ይህ ሁሉ ቁልቁለት ያለቀው በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። በአንድ ኪሎ ሜትር 40 ሜትር ያህል ይወርዳል ማለት ነው፤ ከቀዩ ወንዝ ጋር ሲነጻጸር 400 እጥፍ ይሆናል። ጎርፉ በሴኮንድ 3 ሜትር ቢጓዝ እንኳ 20 ኪሎ ሜትሩን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ዊኒፔግ በሳምንታት የምትቆጥረውን ጊዜ ድሬዳዋ በደቂቃዎች ትቆጥረዋለች።

መጠኑንም በምሳሌ ማየት ይቻላል። በ100 ካሬ ኪሎ ሜትር ተራራ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ከዚህ ሲሶው ብቻ በሁለት ሰዓት ውስጥ ቢወርድ፣ በሴኮንድ 230 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ከጥቂት ጊዜ በፊት ሕፃናት ይጫወቱበት በነበረው አሸዋ ላይ ይደርሳል። ውሃውም ባዶውን አይመጣም፤ ድንጋይ፣ ግንድና ደለል ይዞ ይመጣል። በድሬዳዋ ሰማይ ላይ ከዋክብት እየታዩም ቢሆን ይህ ሊሆን ይችላል።

ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የሆነውን የማያስታውስ ባለሙያ የለም። ደቻቱ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ በሌሊት መጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎች ቤት አልባ ሆኑ። ያ ጎርፍ የክረምት ጎርፍ ነበር። የድሬዳዋ ዝናብ ግን ሁለት ወቅት አለው፤ አንዱ የበልግ፣ ሌላው የክረምት ነው። በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በፀደዩ ዝናብ የተነሣው ጎርፍ በከተማይቱ አራት ሰዎችን ገድሏል። እንግዲህ ድሬዳዋም እንደ ዊኒፔግ የፀደይ ችግር ያለባት ከተማ ናት ቢባል ቃሉን ያለ ቦታው ማዋል አይሆንም።

ከ1998ቱ አደጋ በኋላ በደቻቱ ዳርና ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። በተራራው ላይም የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ተካሂዷል። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ግንብ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው ውሃን መከልከሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከኋላው ላለው ሰው የደኅንነት ስሜት መስጠቱ ነው፤ በዚህም ምክንያት ከግንቡ ሥር አዲስ ቤት ይሠራል፤ ውሃው ከግንቡ ያለፈ ዕለት ጉዳቱ ከቀድሞው ይብሳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ግንቡ ባለበት ቆሞ ወለሉ ይነሣል። ጎርፍ ባለፈ ቁጥር አሸዋና ድንጋይ ትቶ ይሄዳልና። በሒሳብ ሲታይ፣ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ሰፊ የውሃ መንገድ 1 ሜትር ደለል ቢሞላው የማሳለፍ አቅሙ የሚቀንሰው በሲሶ ብቻ ሳይሆን በግማሽ ያህል ነው። የተሠራ ግንብ ሳይፈርስ ግማሽ አገልግሎቱን ሊያጣ ይችላል ማለት ነው፤ ይህንንም ከመንገድ ላይ የሚያየው የለም።

5. የበጋው ሥራ

የቀዝቃዛው ከተማ መሐንዲስ ችግሩን ክረምቱን ሙሉ በመስኮቱ ያየዋል። ነጭ ሆኖ ተቆልሏል። ስለዚህ ሳይወድ ይዘጋጃል። የድሬዳዋና የሁርሶ ውሃ ግን በበጋ አይታይም፤ በበጋ የሚታየው ሰላማዊ አሸዋ ነው። ይሁን እንጂ እዚህም የሚከማች ነገር አለ። በወንዙ ወለል ላይ የሚከማቸው ደለል፣ በቱቦው አፍ የሚከማቸው ቆሻሻ፣ በጎርፉ መንገድ ላይ የሚጨመረው ቤት፣ በተራራው ላይ የሚቆረጠው ዛፍና የሚፈርሰው እርከን፣ እነዚህ ሁሉ የድሬዳዋ የበረዶ ክምር ናቸው። ዝናቡ ሲመጣ በአንድነት ይቀልጣሉ። ልዩነቱ ይህ ክምር ካልተለካ የማይታይ መሆኑ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የበጋ ሥራ መለካት ነው። በደቻቱና በሌሎቹ የጎርፍ መንገዶች፣ በባቡሩና በመንገዱ ድልድዮች ሥር፣ በየዓመቱ በጥቅምት የወለሉን ከፍታ በሌቭል መለካትና ከአምናው ጋር ማስተያየት ከፍተኛ ወጪ አይጠይቅም። ሁለት ባለሙያና ጥቂት ረዳቶች በአጭር ጊዜ ይፈጽሙታል። ጄምስ ቸርች በቱቦ በረዶ እንደ መዘኑ፣ እዚህም ደለሉን መመዘን ይቻላል።

ሁለተኛው ሥራ ውሃውን በተራራው ላይ ማቆየት ነው። በረዶ ለዊኒፔግ የሚሰጣትን ጊዜ ለድሬዳዋ ሊሰጣት የሚችለው እርከን፣ ዛፍና በየሸለቆው የሚሠራ ክትር ነው። እነዚህ ትልቁን ጎርፍ ፈጽሞ አያስቀሩትም። ነገር ግን የውሃውን መውረጃ ጊዜ ከሁለት ሰዓት ወደ አራት ሰዓት ቢያራዝሙት፣ በሴኮንድ 230 የነበረው ወደ 115 ይወርዳል። በላይ የሚኖረው ገበሬም አፈሩ ይቀርለታል። የሐረርጌ ገበሬ እርከን መሥራትን ከማንም መማር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የፈረሰው በበጋ እንዲጠገን መደገፍ ነው።

ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለት ሰዓት አጭር ጊዜ ነው፤ ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ከወንዝ ዳር ተነሥቶ ከፍ ወዳለ ሥፍራ ለመድረስ ይበቃል፤ ማስጠንቀቂያው ከተሰማ። በተራራው ላይ ያለ የዝናብ መለኪያ የሚጠቅመው በሌሊት የሚያነበው ሰው ወይም መሣሪያ ሲኖር፣ ወሬው የሚደርሰው ሰው ነቅቶ ሲጠብቅ፣ በመንደሩም ደወሉን የሚደውልና ሰዉን የሚመራ ሲመደብ ነው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። በሁርሶና እንደ እርሷ ባሉት ትንንሽ ሥፍራዎች ደግሞ በደቡብ ተራራ ላይ መብረቁን አይቶ ከአሸዋው የሚወጣው እረኛ ከጥንት ጀምሮ የራሱ ማስጠንቀቂያ አለው። አዲሱ ዘዴ ይህን እውቀት ሊያግዘው እንጂ ሊተካው አይገባም። የግራንድ ፎርክስን ትምህርት በመከተልም፣ ማስጠንቀቂያው ውሃው እዚህ ድረስ ይመጣል ብሎ አንድ ምልክት ብቻ ከማሳየት ይልቅ፣ ከዚህም ሊያልፍ እንደሚችል መናገር አለበት።

አራተኛውና ምናልባት ከሁሉ የሚከብደው የጊዜ ሰሌዳ ነው። የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል። ሐምሌ ደግሞ የጎርፍ ወር ነው። ገንዘቡ ከተፈቀደ በኋላ ዲዛይን ማዘጋጀት ከተጀመረ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ፣ ተቋራጩ ቦታውን እስኪረከብ ስድስትና ሰባት ወር ቢፈጅ፣ ሥራው የሚጀመረው በጥር መጨረሻ ወይም በየካቲት ነው። ያን ጊዜ በልግ ደጃፍ ላይ ደርሷል። በግማሽ የተቆፈረ የጎርፍ መንገድ ካልተቆፈረው ይብሳል። ዝናብ የሚያንስበት የሥራ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር አራት ወር ያህል ብቻ ነው። እነዚህን ወራት ለጨረታ ወረቀት ማዋል፣ ዊኒፔግ በሚያዝያ ቦይ መቆፈር ብትጀምር እንደ ማለት ነው።

መፍትሔው አዲስ ሕግ የሚጠይቅ አይመስልም። የደለል ማውጣት፣ የቱቦ ጠረጋና የግንብ ጥገና በየዓመቱ የሚመለሱ ሥራዎች ናቸው። ዲዛይናቸውና የሥራ ዝርዝራቸው በሚያዝያና በግንቦት፣ የበልጉ ውሃ ደካማውን ሥፍራ ባሳየበት ወራት ሊዘጋጅ ይችላል። በጀቱ በጸደቀ ጊዜ ጨረታው ተዘጋጅቶ ቢጠብቅ፣ ውሉ በመስከረም ይፈረማል፤ በጥቅምትም መሬቱ ሲጠነክር ሥራው ይጀመራል። ይህን ቅደም ተከተል ማስያዝ ከገንዘብ ሚኒስቴር በፊት የመሐንዲሱ ሥራ ነው። የውሃውን ወራት የሚያውቀው እርሱ ነውና።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ተረት በሁሉ አፍ ያለ ነው፤ የሚጎድለው ቅጠሉን የሚያዘጋጅ ነው። የዊኒፔግ ቦይ ሲቆፈር ሰው ሳቀበት፤ ምክንያቱም ደረቅ ነበር። ቦይን በደረቁ የሚቆፍር ሰው ምንጊዜም ለጊዜው ሞኝ ይመስላል። በጥቅምት ፀሐይ በደቻቱ ደረቅ አሸዋ ላይ ሌቭል ተክሎ የሚለካ ባለሙያ፣ በሁርሶ ድልድይ ሥር ደለል የሚያስወጣ የቀን ሠራተኛ ያለ ጊዜው የሚደክም ሊመስል ይችላል። የደከመበት ሥራ ዋጋ የሚታወቀው ግን በፀደይ ወይም በክረምት ሌሊት ነው፤ ውሃው መጥቶ በመንገዱ ሲያልፍ፣ ሕዝቡም እንደ ተኛ ሲያድር ነው። በዚያ ሌሊት ምንም ስላልሆነ ማንም ስለ ሥራው አይናገርም። የመሐንዲስ ሙያ እንዲህ ያለውን ዝምታ እንደ ምስጋና መቁጠር የሚገባው ሙያ ነው።